እኔና ሌሎቹ ሠዓልያን

ሰው ቀለምና ብሩሽ ገዝቶ፣ ከቤቱ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ የመጀመሪያይቱን ሥዕል ሲሥል፣ ማንም አያየውምና እርሱም ማንንም አያይምና፣ በዚህ ዓለም ከሚገኙት ደስታዎች ሁሉ ንጹሑን ደስታ ይቀምሳል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በዚያች ሰዓት ሰማዩን ሐምራዊ ቢያደርገው ሰማዩ እሺ ይለዋል፣ ዛፉን ከተራራው ቢያስረዝመው ተራራው አይቀየመውም፣ የሥዕሉ እጅ ስድስት ጣት ቢያበቅልም ስድስተኛውን ከበረከት ይቈጥረዋል። ይህ ደስታ የሚዘልቀው ግን የሌላ ሰው ሥዕል እስኪያይ ድረስ ነው። የሌላውን ሥዕል ያየ እንደ ሆነ፣ አዳም ከዕፀ በለስ በልቶ ዕርቃኑን እንዳወቀ፣ እርሱም ወዲያው ስድስተኛውን ጣት ያውቃል፤ ከዚያም ወዲያ ብቻውን ሥሎ አያውቅም፤ ብሩሹን ባነሣ ቍጥር አንድ ሌላ ሠዓሊ ከትከሻው ኋላ ቆሞ የሚመለከተው ይመስለዋል።

እኔ በሥራ ቀን ከመዝገብ ጋር የምውል፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላና እሑድ ከቅዳሴ መልስ ብሩሽ የምጨብጥ ሰው ነኝ። በዚህ ሙያ እጅግ የደከምህበት ምንድን ነው ብባል፣ ሥዕሉ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ የደከምሁበትስ ሥዕሌን ከሌሎች ሥዕል ጋር በማስተያየቱ ነው። ሥዕል ለመሥራት ብርሃን ያስፈልጋል፣ ቀለም ያልቃል፣ ሸራ ይወደዳል፤ ማስተያየት ግን ምንም ወጪ የሌለበት ሥራ ስለ ሆነ በአውቶቡስ ተሳፍሮም፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦም፣ ከመኝታ ላይ ተጋድሞም ይቻላል። በዚህ ትጋቴ እንደ ተረዳሁት፣ ሠዓሊ ራሱን ከሌላው ጋር የሚያስተያይባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፤ እነዚህም ሽቅብ፣ ቍልቍልና ወደ ጎን ናቸው።

ሽቅብ ማስተያየት ሲያስቡት የሚያስፈራ፣ ሲሞክሩት ግን እጅግ የሚመች ነገር ነው። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ አፈወርቅ ተክሌ የሠራው ባለቀለም የመስተዋት ሥዕል ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ነው፤ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና ተስፋዋን በሦስት ታላላቅ መስኮቶች ከፍሎ ያሳያል። ከዚያ ሥር የቆመ ሰው፣ ፀሐይ በመስተዋቱ አልፋ ቀይና አረንጓዴውን በወለሉም በጫማውም ላይ ስትደፋበት፣ «ምነው ይህን እኔ በሠራሁት» ብሎ አይቃጠልም፤ ይልቁንም ቀና ሲል የደከመ አንገቱን እያሻሸ፣ ፈጣሪውንም ሠዓሊውንም አመስግኖ በሰላም ይወጣል። ስለ ምን ቢሉ፣ ታላቅ ሰው ከታላቅነቱ ጋር የእኛን ማመካኛም አብሮ ይሰጠናልና ነው። አፈወርቅ ከአንኮበር ተነሥቶ ገና በልጅነቱ የማዕድን ምህንድስና ይማር ዘንድ ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ፤ እዚያም የሥዕል ተሰጥዎው ታየና ወደ ሥዕል ትምህርት ቤት ተዛወረ። እንግዲህ እኔ «ማዕድን እንድማር ማንም አልላከኝምና ከየት አመጣዋለሁ?» ብዬ ነገሩን በዚሁ እዘጋዋለሁ፤ ሠዓሊ ሳልሆን የቀረሁት ማዕድን ባለመማሬ መሆኑን ለጠየቀኝ ሁሉ በሙሉ ልብ አስረዳለሁ። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንም ፓሪስ ተቀምጦ ሠርቷል፣ በኋላም በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን አስተምሯል፤ ፓሪስን ያላየ ሰው ደግሞ ከእርሱ ጋር ቢተያይ ፍርዱ ገና ሳይሰማ በቀጠሮ ይተላለፍለታል። በታላላቆች መበለጥ ክብር እንጂ ውርደት የለበትም፤ እንዲያውም ከእነርሱ ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ስምን ማስገባት ራሱ አንድ ሹመት ነው።

ቍልቍል ማስተያየት ደግሞ ልብ ሲደክም የሚወሰድ መድኃኒት ነው ይባላል፤ እኔም ወስጄው አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ከሥዕሌ ተጣልቼ ስወጣ፣ ከመንገድ ዳር ካለ ሥጋ ቤት በር ላይ የተሠቀለ ሰሌዳ አየሁና «እነሆ ከእኔ የባሰ ሠዓሊ ተገኘ» ብዬ ደስ እያለኝ ቆምሁ። በሰሌዳው ላይ አንድ ቀይ በሬ በአረንጓዴ መስክ ቆሟል፤ አራቱም እግሮቹ እንደ አጥር እንጨት በአንድ መሥመር ተደርድረዋል፤ ቀንዶቹ ሁለቱም ከአንድ ወገን በቅለዋል፤ ፀሐይ ከራሱ በላይ እያበራች ጥላ የሚባል ነገር የለውም፤ ሊታረድ የተቀጠረ መሆኑንም ጨርሶ ያልሰማ ይመስላል፣ ፈገግ ብሎ መንገደኛውን በአንድ ዓይኑ ይመለከታል። ከጎኑ ያው ራሱ በሬ ታርዶ፣ ጎድኑ ከነጮማው ተሠቅሎ ተሥሏል፤ በሕይወትም በሞትም ባንድ ሰሌዳ መገኘቱ ምንም አላስጨነቀውም። እኔ የሥዕሉን ነውር በጣቴ እየቈጠርሁ ስሄድ ከጮማው ላይ ስደርስ አፌ ውሃ ሞላ፤ ባለ ሥጋ ቤቱም ከውስጥ አይቶኝ ኖሮ «ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ፣ ጥብስ ነው ጥሬ?» አለኝ፤ ግማሽ ኪሎ ጥብስ በልቼ ወጣሁ። ወደ ቤቴም ስመለስ ነገሩን በኅሊናዬ ሳመላልሰው፣ ያ ስሙን እንኳ የማላውቀው ሰው በአንድ ሰሌዳ መንገደኛ አቁሞ፣ አስርቦ፣ አስገብቶ፣ ገንዘብ አስከፍሏል፤ እኔ የሣልሁትን ፈረስ አይቶ ኮርቻ ፍለጋ የሄደ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ቍልቍል ለማየት በፈለግሁ ጊዜ የቆምሁበትን ስፍራ አስቀድሜ መመርመር ጀምሬአለሁ።

እውነተኛው መከራ ያለው ግን ወደ ጎን በማስተያየት ነው። ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል የሚሠራ፣ ጠረጴዛው ከጠረጴዛዬ የገጠመ፣ እርሱም እንደ እኔ ቅዳሜና እሑድ የሚሥል አንድ ባልደረባ አለኝ። ሁለታችንም አንድ ደመወዝ እንቀበላለን፤ ቀለም የምንገዛው ከአንድ ሱቅ ነው፤ እርሱንም ማዕድን እንዲማር ወደ እንግሊዝ አገር የላከው የለም። ይህ ሰው ከዕለታት አንድ ቀን የእንጦጦን ባሕር ዛፍ በጭጋግ ውስጥ ሥሎ አመጣና ሥዕሉ ከአለቃችን የእንግዳ መቀበያ ክፍል ተሠቀለ። ጉዳይ ሊያስፈጽም የመጣው ባለጉዳይ ሁሉ ተራውን ሲጠብቅ ያንን ባሕር ዛፍ እያየ «ወይ ጉድ!» ይላል፤ እኔም በዚያ በኩል ሳልፍ ጫማዬን እያየሁ አልፋለሁ። ስለ ሥዕሉ አስተያየቴን በተጠየቅሁ ጊዜ በሐሰት እንዳልመሰክር ፈርቼ፣ እውነቱንም እንዳልናገር ሥጋዬ እምቢ ብሎኝ፣ «ፍሬሙ በጣም ያምራል» አልሁ። ከዚያ ወዲህ ልብ ብዬ ስከታተል፣ በየትርኢቱ የሠዓሊ ሥዕል በሠዓሊ ፊት በቀረበ ጊዜ ፍሬሙ ሳይመሰገን የቀረበት ቀን የለም።

መጽሐፍ የሳኦልንና የዳዊትን ነገር ሲነግረን ይህንኑ ያስረዳል። ዳዊት በገናውን ሲደረድር ሳኦል ይሰማው፣ ከመንፈሱም ጭንቀት ያርፍ ነበር፤ የበገናው ጣዕም አላስቈጣውም፣ የጎልያድም መውደቅ አላስከፋውም። ሴቶቹ በከበሮ ወጥተው ለአንዱ ሺህ፣ ለሌላው እልፍ ቈጥረው በዘፈኑ ጊዜ ግን የንጉሡ ዓይን ከዚያች ቀን ጀምሮ ተለወጠ፤ ያ ያሳርፈው የነበረ በገና ያው በገና ሆኖ ሳለ፣ ጦር የሚወረወርበት ሆነ። እንግዲህ ሰውን የሚያሳምመው የሌላው ሥራ ሳይሆን የጭብጨባው ቍጥር መሆኑን ከዚህ እንማራለን። ደግሞም ሳኦል በገናውን ያዳመጠበትን ጆሮ ከዚያ በኋላ አላገኘውም። ለእኔ እግዚአብሔር ይመስገንና ጦር የለኝም፤ ያለኝ የፍሬም ምስጋና ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሲወረወር አይቼዋለሁ፣ እርሱም ይወጋል።

ጎረቤት ከታላቁ ሰው ይልቅ የሚያንገበግበን ለምንድን ነው? ታላቁ ማመካኛ ይሰጠናል ብያለሁ፤ ጎረቤት ደግሞ ያንኑ ማመካኛ መልሶ ይነጥቀናል። ደመወዙ ደመወዛችን፣ ቅዳሜው ቅዳሜያችን፣ ቀለሙ ቀለማችን ከሆነ በኋላ በእርሱ ሸራ ላይ ጭጋግ ሲወርድ በእኛ ላይ የማይወርድበት ምክንያት ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ብቻ ስለሚሆን፣ ያንን መልስ ላለመስማት ሰው ስንቱን ይፈጥራል! «አለቃው የአገሩ ልጅ ነው»፣ «ከፎቶግራፍ ገልብጦት ይሆናል»፣ «ባሕር ዛፍ መሣል ምን ያስቸግራል፣ ቀጥ ያለ እንጨት አይደለም ወይ?»

በዚህ መካከል ሳለሁ አክስቴ ለንግሥ ከገጠር መጥታ ቤቴ ሰነበተች። በግድግዳዬ ላይ የሠቀልሁትን ቅዱስ ጊዮርጊስ አየችውና ተሳልማ ልትቀርብ ስትል እርምጃዋን ገታ አድርጋ፣ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አንሥታ ትመለከተው ጀመር። እኔም በቅንነት የምመሰገን መስሎኝ ቆምሁ።

«ልጄ፣ ይህ ሰማዕቱ ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን አደረገህና በአንድ ዓይን አስቀረኸው?»

ሠዓሊ ያልሆነ አንባቢ ይህን ያወቀው እንደ ሆነ አላውቅምና ላስረዳ። በቤተ ክርስቲያናችን የቀደመ የሥዕል ሥርዓት ጻድቃንና ሰማዕታት ፊታቸው ሙሉ ሆኖ፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ወደ ተመልካቹ አቅንተው ይሣላሉ፤ በአንድ ዓይን፣ በጎን የሚሣሉት አይሁድ ሰቃልያን፣ አረማውያን ወታደሮች፣ ይሁዳና አጋንንት ናቸው። እኔ ሰማዕቱን በጎን የሣልሁት ሁለት ዓይን እኩል አድርጎ መሣል ስለ ቸገረኝ ነበር፤ አክስቴ ግን ፊደል ሳትቈጥር፣ የሥዕል ትምህርት ቤት በር ሳትረግጥ፣ ከልጅነቷ ጀምራ ከደብሯ መቅደስ ግድግዳ ላይ በሸማ ተሥሎ የተለጠፈውን ስታይ ስለ ኖረች፣ የእኔን ከዚያ ጋር አስተያይታ ጉድለቱን በጣቷ ነካችው። «ደግሞ ዘንዶው ምነው ከጊዮርጊስ ይልቅ ደስ ብሎታል?» ስትልም ጨመረችልኝ። ሳታዋርደኝም ሳታቈላምጠኝም ወደ ቡናዋ ሄደች። ስሜን፣ ዕድሜዬን፣ ማን እንዳስተማረኝና ሥዕሌ የት እንደ ተሠቀለ አልጠየቀችም፤ ዓይንን ከዓይን፣ ፈረስን ከፈረስ ጋር አስተያየች እንጂ። እኔም በማግሥቱ ምን እንደምሠራ አወቅሁ፤ የሰማዕቱን ሁለተኛ ዓይን።

የቀደሙት ሠዓልያንም የሚያስተያዩት እንዲሁ እንደ አክስቴ ነበር ብል አልተሳሳትሁም። በ17ኛው መቶ ዓመት መባቻ ግድም ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን፣ በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘውን የእመቤታችንን ሥዕል ቅጅ ወደ አገራችን አመጡ። የእኛ ሠዓልያን ያንን ባዩ ጊዜ አልተሸማቀቁም፣ «የፈረንጅ ነው» ብለውም አልገፉትም፤ እጆቿን አስተላልፋ ልጇን የያዘችበትን አያያዝ፣ በጣቷ ላይ ያለችውን መሐረብ ወሰዱ፤ ዓይኑን የራሳቸውን ዓይን አደረጉት፤ ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስመዝዘው በግራና በቀኝ አቆሙላት፤ ልብሱንም በአገራቸው ኅብረ ቀለም አስጌጡት። ሚስዮናውያኑ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ከአገር ተባረሩ፤ ሥዕሉ ግን ቀረ፤ ዛሬ በየገዳሙና በየደብሩ እያየን የምንሳለማት እመቤታችን ብዙ ጊዜ ያችው ናት። ያ የእኛ ሠዓሊ «ከሮሙ ሠዓሊ እበልጣለሁ ወይስ አንሳለሁ?» እያለ አንድ ሳምንት ቢተክዝ ኖሮ መሐረቢቱ ታመልጠው ነበር።

ስምንም በሚመለከት እንዲሁ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ባለ ሥዕሉ ላይ ስሙን በመተዉ እናውቀዋለን፤ እንደ እርሱ ያሉት ብዙዎች ግን ሥራቸውን እንጂ ስማቸውን አልተዉልንም። ብዙ ጊዜ የምናገኘው፣ ገንዘቡን የከፈለው መኰንን ወይም ወይዘሮ ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ፣ ስሙም ከራሱ በላይ ተጽፎ ነው፤ ከማለዳ እስከ ማታ ቀለም ሲበጠብጥ የኖረው ሠዓሊ ግን በግርጌም በራስጌም የለም። ይህን ስል በዚያ ዘመን ምቀኝነት አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ደብተራ ባለበት አገር እንዲህ ብዬ ብጽፍ የሚያምነኝ የለም። ነገር ግን ስም ካልተጻፈ ከስም ጋር መተያየት አይቻልምና፣ በኋላ የመጣው ሠዓሊ ወድዶም ሆነ ተገዶ የሚያስተያየው ሥራን ከሥራ ጋር ነበር።

መስፈሪያውን ያልለየ ማስተያየት ደግሞ ሌላ በደል ያደርሳል። የሐረሩ ተወላጅ ገብረ ክርስቶስ ደስታ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ልጅ ነው፤ ከጀርመን አገር ከኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ በ1955 ዓ.ም. ሥራዎቹን ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ፣ የለመዱትን መልክ ያጡ ብዙዎች «ይህ የእኛ አይደለም» አሉ። «ጎልጎታ» በተባለው ሥዕሉ ላይ ግን ቀይ ቀለሙ ምን እንደሚል ለመስማት ከመቅደሱ ግድግዳ ጋር ማስተያየት አይበቃም ነበር፤ በጤፍ መስፈሪያ ጨርቅ የሚለካ ነጋዴ ጨርቁን አሳነሰው እንጂ ጨርቁ አላነሰም።

ከሁሉ ይልቅ የምወደው የማስተያየት ታሪክ የቅዱስ ያሬድ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረ ይህ ብላቴና፣ ገድሉ እንደሚነግረን፣ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ግርፋት ሸሽቶ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ከእርሱ ጋር ይማሩ የነበሩት ደቀ መዛሙርት ዳዊቱን ሲያነበንቡ እርሱ መቅረቱን እያሰበ ነበር ብል ደፍሬ አልናገርም፤ ነገር ግን ሰው ከትምህርት ቤት የሚያሸሸው ከባልንጀራው ጋር መተያየት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ሳለ አንዲት ትል ዛፉን ስትወጣ፣ ስትወድቅ፣ ደግሞ ስትወጣ፣ ደግሞ ስትወድቅ፣ በመጨረሻም ከላይ ደርሳ ፍሬውን ስትበላ አየ። ያሬድ ራሱን ያስተያየው ከዚህች ትል ጋር ነው። «እኔ ሰው ነኝ፣ እርሷ ትል ናት» ብሎ አልተጽናናም፤ «ትልም ብትሆን ዜማ አትችልም» ብሎም ድምፅዋን አላጣጣለም፤ አወጣጧን አየ፣ ተነሥቶም ወደ መምህሩ ተመለሰ። ከዚያም የዜማ ስልቶቹን፣ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን አገኘን። ይህን ያህል ፍሬ ያፈራ ማስተያየት በታሪካችን ሌላ አላውቅም፤ የተወሰደውም ከሊቅ ዘንድ ሳይሆን ከትል ዘንድ ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔ የደረስሁበት ፍርድ ይህ ነው። ሥዕልን ከሥዕል ማስተያየት ኃጢአት አይደለም፤ ባያስተያዩማ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ አይተላለፍም ነበር። ነገር ግን የሌላውን ሥዕል አይቼ ስመለስ ነገ እጄ የሚሠራውን አንድ ነገር ይዤ ከመጣሁ፣ ያ ትምህርት ነው፤ ሠዓሊው ታላቅም ይሁን ታናሽ፣ በትርኢት አዳራሽም ይሁን በሥጋ ቤት ሰሌዳ፣ ዋጋው አንድ ነው። ይዤ የመጣሁት የሰውዬውን ስም፣ የሥዕሉን ዋጋና የጭብጨባውን ቍጥር ብቻ ከሆነ ግን፣ ያ ምቀኝነት ነው፤ የሥነ ጥበብ ሐያሲ ካባ ቢደርብም ምቀኝነት ነው።

ይህንንም ፍርድ በራሴ ላይ ለማስፈጸም ወደ ባልደረባዬ ጠረጴዛ ዞሬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ለመሆኑ ያንን ጭጋግ እንዴት አወረድኸው?» ብዬ ጠየቅሁት። ደስ ብሎት ነገረኝ፤ የሩቁን ዛፍ ቀለም በነጭና በጥቂት ሰማያዊ እያሳሳ፣ የቅርቡን ሳይበርዝ እንደሚተው፣ የዛፉንም ጫፍ ገና ሳይደርቅ በደረቅ ብሩሽ እንደሚያደበዝዘው እያሳየ አስረዳኝ። እኔም በዚያው ሰንበት ሞክሬው ከሩቁ ተራራዬ ላይ ትንሽ ጭጋግ ወርዷል። እርሱ በበኩሉ ለረጅም ጊዜ ሊያዋየኝ ፈልጎ ያፈረው ነገር እንዳለ ነገረኝ፤ ይኸውም የእኔን ቅዱስ ጊዮርጊስ አይቶት ስለ ነበር፣ ያ ዘንዶ እንዲያ ደስ ያለው እንዲመስል ያደረግሁበትን ዘዴ እንድገልጥለት ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በአምስት ኪሎው ብሔራዊ ሙዚየምም ይሁን በጎረቤትህ ሳሎን፣ ከሥዕል ፊት የቆምህ እንደ ሆነ አስቀድመህ ዓይኑን፣ እጁን፣ ጥላውን መርምር፤ የሠዓሊውን ስም ከዚያ በኋላ አንብበው።